ከኩባያ ወደ ግራም፦ ሪሲፒን ከስፍር ወደ ሚዛን የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ሪሲፒው «ሁለት ኩባያ ዱቄት» ይላል። በየትኛው ኩባያ? እንዴት ተደርጎ የተሞላ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመልሱ መቀየሪያ አፕ ከፍቶ ቁጥር ማስገባት ግምትን በግራም መጻፍ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በደረቅ ኬክ ነው። ለረጅም ጊዜ «ኩባያ» የምለው ትልቁን የሻይ ኩባያዬን ነበር። ሁሉንም ነገር በእሱ እስከሰፈርኩ ድረስ ምጣኔው አይዛባም ብዬ አስብ ነበር። ሐሳቡ ግማሽ እውነት አለው። ዱቄቱም ስኳሩም ወተቱም በአንድ ኩባያ ከተሰፈሩ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። እንቁላሉስ? ቤኪንግ ፓውደሩስ? እነሱ በኩባያ አይሰፈሩም። አንድ ቀን ኩባያውን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ውሃ ብሞላው 310 ግራም ያዘ። ሪሲፒው ያሰበው ኩባያ የሚይዘው 237 ነው። ለካ ስሠራ የከረምኩት አንድ ኬክ ከሲሶ የሚሆን ሊጥ በአንድ ኬክ እንቁላልና ቤኪንግ ፓውደር ነበር።

ከመጀመራችን በፊት

መስፈርና መመዘን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስትሰፍሩ የምትለኩት ዕቃው የያዘውን ቦታ ነው። ስትመዝኑ ደግሞ ክብደቱን። ውሃ ላይ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው። ሌላው ነገር ግን እንደየጠባዩ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ማር 1.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዘይት 0.92 ነው። ዱቄት በመሃሉ ብዙ አየር ስላለ 0.5 አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ «1 ኩባያ ስንት ግራም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ «የምን?» መባል አለበት።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። በ1 ግራም ልዩነት የሚያነብና ወደ ዜሮ የሚመልስ ቁልፍ ያለው ዲጂታል ሚዛን፣ አንድ ኩባያ፣ የመለኪያ ማንኪያዎች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ሚዛኑን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ጨርቅ ወይም ምንጣፍ ላይ ከሆነ ይዋሻል። ትክክል መሆኑን ለማየት ያልተከፈተ 1 ኪሎ ስኳር ጫኑበት። ከ1000 ጥቂት ግራም ከፍ ካለ የማሸጊያው ክብደት ነው። 940 ካለ ግን ሌላ ሚዛን ፈልጉ።

1. ሪሲፒው የየትኛው አገር ኩባያ እንደሆነ ለዩ

የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ይይዛል (በትክክል 236.6)። እዚያው አሜሪካ የምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ኩባያ ግን 240 ነው። የአውስትራሊያ 250 ነው። የጃፓን 200 ብቻ። የድሮው የእንግሊዝ ኩባያ ደግሞ 284 ይደርሳል።

በ237 እና በ240 መካከል ያለውን ልዩነት እርሱት፤ ኬኩ አያውቀውም። በ200 እና በ250 መካከል ያለው ግን ሩብ ያህል ነው።

ሪሲፒው አገሩን ካልነገራችሁ አነጋገሩ ይናገራል። የኦቨን ሙቀት በፋራናይት ከተጻፈ ወይም ቅቤው «አንድ ስቲክ» ከተባለ የአሜሪካ ነው። አንድ ስቲክ ቅቤ 113 ግራም፣ ማለትም ግማሽ ኩባያ ነው። የሾርባ ማንኪያው 20 ሚሊ ሊትር ነው የሚል ማስታወሻ ካለ አውስትራሊያ ናችሁ፤ ሌላው ዓለም በአብዛኛው 15 ነው የሚጠቀመው። የሻይ ማንኪያ ሁሉም ጋ 5 ነው ብላችሁ ብትሄዱ አትሳሳቱም።

አንዳንዴ ደራሲው ለአንዱ ዕቃ ግራም ጽፎ ለቀሪው ኩባያ ይጽፋል። ይቺ ወርቅ ናት። «1 ኩባያ ዱቄት (150 ግራም)» የሚል ካገኛችሁ ደራሲው ወይ ባለ 250ውን ኩባያ ይጠቀማል፣ ወይ ዱቄቱን ጠበቅ አድርጎ ይሞላል። የትኛውም ይሁን፣ ለዱቄቱ የእሱን 150 ያዙ። ከየትም ከመጣ ሠንጠረዥ ይልቅ ደራሲው ራሱ የጻፈው ቁጥር ይበልጣል።

2. የራሳችሁን ኩባያ ለኩ

ባዶውን ኩባያ ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ዜሮ አድርጉት። ውሃ እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉ። ያነበባችሁት ግራም የኩባያው ሚሊ ሊትር ነው። በቃ።

ማንኪያዎቹንም እንዲሁ አድርጉ። የምንበላበት ማንኪያ የመለኪያ ማንኪያ አይደለም፤ አንዱ 9፣ ሌላው 14 ሊይዝ ይችላል። አንድ ጊዜ ሲሞላ የሚይዘው ትንሽ ስለሆነ አሥር ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ ድምሩን ለአሥር አካፍሉ።

3. ዱቄት

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስኳርን እንዴትም ብትሞሉት ክብደቱ ብዙ አይለዋወጥም። ዘይትና ወተትማ ጭራሽ አይጠቀጠቁም። ዱቄት ግን እንደ ሞላችሁት ይሆናል።

አንድ ዓይነት ዱቄት፣ አንድ ባለ 237 ኩባያ ይዤ ሞክሬዋለሁ። በወንፊት ነፍቼ በቀስታ ስሞላው 113 ግራም ሆነ። በማንኪያ እየጨመርኩ ሞልቼ አፉን በቢላ ጀርባ ስጠርገው 124። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ ስዝቅ 146። ዝቄ ሁለት ሦስቴ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ሳደርገው 161። ኩባያው አልተቀየረም፣ ዱቄቱም ያው ነው። ሁለት ኩባያ በሚል ሪሲፒ ላይ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ወደ 100 ግራም ልዩነት አለ። ያ ማለት ኬክ ወይም ጡብ ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሪሲፒ ጸሐፊዎች «1 ኩባያ» ሲሉ በማንኪያ ተሞልቶ የተጠረገውን፣ ማለትም ከ120 እስከ 125 ግራም ያለውን ነው የሚያስቡት። እኔ 125ን ይዣለሁ። የድሮ ሪሲፒ ከሆነ ወይም ደራሲው «በኩባያው ዛቅ አድርጋችሁ» ካለ 140 ወይም 145 አድርጉት።

አንድ ወጥመድም አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪሲፒ ላይ «የተነፋ» (sifted) የሚለው ቃል የት እንደተቀመጠ እዩ። ከዱቄቱ ስም በፊት ከመጣ መጀመሪያ ነፍታችሁ ቀጥሎ ትሰፍራላችሁ፤ አንድ ኩባያው 113 አካባቢ ነው። ከዱቄቱ ስም በኋላ፣ ኮማን ተከትሎ ከመጣ ግን መጀመሪያ ትሰፍራላችሁ፣ ከዚያ ትነፋላችሁ፤ 125 ነው። የለውዝ ነገርም እንደዚሁ ነው። ሳይከተፍ የተሰፈረና ተከትፎ የተሰፈረ ለውዝ ክብደታቸው አይገናኝም። ኮማዋን አትዝለሏት።

4. የግራም ዝርዝር

ይህ ለአንድ ባለ 237 ሚሊ ሊትር ኩባያ ነው። ቁጥሮቹ ለወጥ ቤት ሥራ የሚበቃ ግምት ናቸው፤ ከዕቃ ዕቃ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላሉ።

የስንዴ ዱቄት (ፉርኖ)፦ 125
ከነገለባው የተፈጨ የስንዴ ዱቄት፦ 120
ስኳር፦ 200
ቡናማ ስኳር፣ ተጠቅጥቆ፦ 215
ፓውደር ስኳር፣ ሳይነፋ፦ 120
የገበታ ቅቤ፦ 227
ዘይት፦ 218
ወተት፦ 244
እርጎ፦ 245
ማር፦ 340
ካካዎ፣ ጣፋጭ ያልሆነው፦ 85
የበቆሎ ስታርች፦ 120
አጃ፣ የተዳመጠው፦ 90

ሪሲፒው በ250ው ኩባያ ከሆነ እያንዳንዱን በ1.055 አባዙ። ስኳሩ 200 የነበረው ወደ 211 ይሄዳል። ለዱቄት ግን ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ የአውስትራሊያ ሪሲፒዎች ብዙ ጊዜ 150 ነው የሚሉት።

ለሾርባ ማንኪያ ሲሆን ለ16 አካፍሉ። አንድ የአሜሪካ ኩባያ 16 የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 3 የሻይ ማንኪያ ነው። በዚህ ሂሳብ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 14 ግራም፣ ስኳር 12.5፣ ዱቄት 8፣ ማር 21 ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ካጋጠማችሁ ራሳችሁ መዝኑት። ኩባያውን ሦስት ጊዜ ሙሉ፣ ሦስቴም መዝኑ፣ አማካዩን ያዙ። ሦስቱ ከ5 ግራም በላይ ከተራራቁ አሞላላችሁ አንድ ዓይነት አይደለም ማለት ነው። እንደገና ሞክሩ።

5. ትናንሾቹን አትንኳቸው

ጨው፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ እርሾ፣ ቀረፋ። እነዚህን ወደ ግራም ለመቀየር አትቸኩሉ። በ1 ግራም የሚያነብ ሚዛን «3» ሲላችሁ 2.6ም 3.4ም ሊሆን ይችላል። ደግሞም ብዙ ሚዛኖች በትንሽ በትንሹ ሲነሰነስባቸው ጭማሪውን አይቆጥሩትም። ጨው እየነሰነሳችሁ «0» ላይ ቆሞ ይቀርና በድንገት 4 ይላችኋል። የመለኪያ ማንኪያ፣ አፉ ተጠርጎ፣ እዚህ ላይ ከሚዛን ይሻላል።

በ0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ካላችሁ ግን ቁጥሮቹ እነሆ። 1 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ነው። ቤኪንግ ፓውደር ከ4 እስከ 5፣ ቤኪንግ ሶዳ 5 ገደማ፣ ፈጣን ደረቅ እርሾ 3፣ ቀረፋ 2.5 ያህል። ባለ 7 ግራም የእርሾ ፓኬት 2 ከሩብ የሻይ ማንኪያ ይሆናል።

ጨው ላይ ብቻ ንቁ። ቅንጣቱ ትልልቅ የሆነ ጨው አንድ የሻይ ማንኪያው 3 ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጨው የተጻፈን ሪሲፒ በደቃቅ ጨው ከሰፈራችሁት ጨውን በእጥፍ ጨመራችሁ ማለት ነው። በግራም ከተጻፈ ይህ ጣጣ የለም፤ 6 ግራም ጨው የትም 6 ግራም ነው።

6. እንቁላል

«2 ትልልቅ እንቁላል» ሲባል የአሜሪካው ትልቅ ከቅርፊቱ ሲወጣ 50 ግራም ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ነጩ 33፣ አስኳሉ 17 ገደማ። አውሮፓ ውስጥ «ትልቅ» የሚባለው ከነቅርፊቱ ከ63 እስከ 73 ግራም ስለሆነ የአሜሪካው ትልቅ እዚያ መካከለኛ ነው የሚባለው። እጃችሁ ያለው እንቁላል ደግሞ ከሁሉም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ መጠኑን በግራም ያዙ። ሰብራችሁ፣ መታችሁ፣ የሚያስፈልገውን ያህል መዝናችሁ አፍስሱ። የቀረው ለዳቦው ፊት መቀቢያ ይሆናል።

7. አንድ ሙሉ ሪሲፒ እንቀይር

ቀለል ያለ ኬክ እንውሰድ፤ የአሜሪካ ኩባያ ነው። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ወተት፣ 2 እንቁላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ዱቄት 2 ሲባዛ በ125፣ 250። ስኳር 200። ዘይት 218 ሲካፈል ለሁለት 109 ነው፤ 110 እንበለው። ወተት 244 በ0.75፣ 183። እንቁላል 100። ቤኪንግ ፓውደሩና ጨው በማንኪያ ይቀራሉ።

ትልልቆቹን ቁጥሮች ወደ ቅርቡ 5 ብታጠጋጉ ምንም አይሆንም። ወተቱን 185 በሉት። ጥቃቅኖቹን ግን አታጠጋጉ።

አሁን ድምሩን እዩ፤ 845 ግራም አካባቢ ሊጥ ነው። በሁለት መጋገሪያ እኩል ልትከፍሉት ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ላይ 422 ግራም ታፈሳላችሁ። መጠኑን ሦስት ሩብ ብቻ ልትሠሩት ብትፈልጉ ደግሞ «አንድ እንቁላል ተኩል» የሚለው ራስ ምታት 75 ግራም ሆኖ ያርፈዋል።

ሥራው ራሱም ይቀላል። ጎድጓዳውን ሳህን ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ፣ ዱቄት እስከ 250። ዜሮ፣ ስኳር እስከ 200። ዜሮ፣ ዘይት እስከ 110። የሚታጠበው አንድ ሳህን ነው። ዘይትና ወተት ካለፋችሁ መመለስ አይቻልምና በቀስታ አፍስሱ።

ለማር ደግሞ በጣም የምወዳት ብልሃት አለች። የማር ዕቃውን ራሱን ክፍት አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። ዜሮ አድርጉ። በማንኪያ እያወጣችሁ ሳህኑ ውስጥ ጨምሩ። ሚዛኑ ከዜሮ በታች ይወርዳል። 60 ግራም ማር ስትፈልጉ −60 ላይ ትቆማላችሁ። ማንኪያው ላይ ተጣብቆ የቀረው አያታልላችሁም ወይ? ያታልላል፤ ስለዚህ ማንኪያውን መልሳችሁ የማር ዕቃው ውስጥ ተዉትና አንብቡ። ስትጀምሩም ማንኪያው እዚያው መኖር አለበት።

8. ውጤቱ ጤነኛ መሆኑን ፈትሹ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። ወደ ግራም ስትቀይሩ ሪሲፒው ራሱ ይናገራል።

ዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉንም ነገር ከዱቄቱ አንጻር በመቶኛ ነው የሚያዩት። በእጅ የሚታሽ ተራ የዳቦ ሊጥ ውሃው ከዱቄቱ ክብደት ከ60 እስከ 70 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አሁን «3 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ከሩብ ኩባያ ውሃ፣ እስኪለሰልስ እሹት» የሚል ሪሲፒ መጣ እንበል። በ125 ሂሳብ ዱቄቱ 375 ግራም ነው። ውሃው 296። ሲካፈል 79 በመቶ! ይህ በእጅ አይታሽም፤ ጣት ላይ የሚጣበቅ ለጥ ያለ ሊጥ ነው። ታዲያ ደራሲው ተሳስቷል? ላይሆን ይችላል። ዱቄቱን በኩባያው ዝቆ ከሆነ የሞላው አንድ ኩባያው 145 ነው፤ ሦስቱ 435 ይሆናሉ። 296 ለ435 ሲካፈል 68 በመቶ። ይሄ ይታሻል። እንግዲህ የማታውቁትን ሰው አሞላል ከውሃው ደረሳችሁበት።

ለዳቦ ጥርጣሬ ካላችሁ ከዱቄቱ ጥቂት አስቀርታችሁ ጀምሩና ሊጡ ሲጠይቅ ጨምሩ። ለኬክ ይህ አይሠራም፤ ሊጡን ደጋግሞ ማማሰል ኬኩን ያጠነክረዋል። ኬክን አንዴ በ125 ጋግሩት። ከወረደ ወይም ከረጠበ በሚቀጥለው 10 ወይም 15 ግራም ዱቄት ጨምሩ።

አውንስ የሚባለው ነገር

አውንስ ሁለት ነው። አንዱ የክብደት ነው፤ 28.35 ግራም። ሌላው የፈሳሽ አውንስ ነው፤ በአሜሪካው 29.6 ሚሊ ሊትር። ቁጥራቸው ስለሚቀራረብ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ ውሃና ወተት ላይ ብዙም አያጣላም። ካካዎ ላይ ግን እዩት። 8 የክብደት አውንስ ካካዎ 227 ግራም ነው። 8 የፈሳሽ አውንስ የሚይዝ ኩባያ ሙሉ ካካዎ ደግሞ 85 ግራም። ደረቅ ነገር በአውንስ ከተጻፈ ክብደት ነው ብላችሁ ያዙት፣ በኩባያ ምልክት ላይ አትፈልጉት።

ሚዛን ከሌለ፦ ከግራም ወደ ኩባያ

የተገላቢጦሹ መንገድ ማካፈል ነው። 350 ግራም ዱቄት ለ125 ሲካፈል 2.8 ኩባያ ይሆናል። ሁለቱን ሰፈራችሁ። 0.8 የሚል ኩባያ የለም፤ ግን 0.75 አለ፣ ሦስት ሩብ። የቀረው 0.05 ሲባዛ በ16 አንድ የሾርባ ማንኪያ ሊሆን ጥቂት ይጎድለዋል። ስለዚህ 2 ከሦስት ሩብ ኩባያ እና 1 የሾርባ ማንኪያ። ይህ የሚሠራው ዱቄቱን በማንኪያ ሞልታችሁ ከጠረጋችሁት ብቻ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ከዛቃችሁ ሂሳቡ ሁሉ ከንቱ ነው።

በዚህ አቅጣጫ ስትሄዱ የሪሲፒውን አገር ኩባያ ማወቅ አያስፈልግም። የራሳችሁን ኩባያ ማወቅ ግን ግድ ነው። ኩባያችሁ 250 ከሆነ 125 የሚለው 132 ይሆናል።

የቀየራችሁትን በወረቀት ጻፉና ቁም ሳጥኑ በር ላይ ከውስጥ ለጥፉት፤ ስልክ በሊጥ እጅ አይከፈትም። በአንድ በኩል የዕቃዎቹ ግራም፣ በሌላ በኩል የኩባያዎቻችሁና የማንኪያዎቻችሁ ልክ ይሁን። የእኔ ወረቀት ላይ የመጨረሻው መስመር «ትልቁ ኩባያ፣ 310፣ ለሻይ ብቻ» ይላል።